ኩላሊት ሲደክም የሚጎድለው ቫይታሚንና የሚከማቸው ቫይታሚን

ጅማ ውስጥ የኩላሊት ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ ዘመድ ባዶ እጁን አይሄድም። ሙዝና ብርቱካን፣ ማር፣ አለዚያም ከፋርማሲ የገዛውን የመልቲቫይታሚን ብልቃጥ ይዞ ይገባል። «ሰውነቱ ተጎድቷል፣ አቅም ይሁነው» ብሎ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። የኩላሊት ታማሚ በእርግጥም ቫይታሚን ያጥረዋል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይደክማል። ችግሩ ያለው ብልቃጡ ላይ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ባቆመ ሰው ሰውነት ውስጥ አንዳንዱ ቫይታሚን ሲጎድል ሌላው መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ለጤነኛ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ እንክብል ደግሞ የጎደለውንም የተከማቸውንም አንድ ላይ ያቀብላል።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ለታማሚውም፣ ቤት ውስጥ ምግቡን ለምታበስለው፣ ደሙ በማሽን በሚጣራበት የኩላሊት እጥበት ቀን አብሮት ለሚሄደውም ነው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ነው፤ ሐኪሙን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ማወቅ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

ጉድለቱ የሚመጣው በአንድ በር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ምግብ ያስጠላል፤ ደም ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻል። ቀጥሎ ፖታሺየም ይቀነስ ተብሎ አትክልትና ፍራፍሬው ይገደባል። የተፈቀደውም ድንች በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ፣ ከፖታሺየሙ ጋር ቫይታሚን ሲ፣ ፎሊክ አሲድና ቢ1 አብረው ይደፋሉ። ከዚያ እጥበቱ አለ። የማሽኑ ማጣሪያ ዩሪያ የሚባለውን ቆሻሻ ከቫይታሚን ቢ6 ለይቶ አያውቅም፤ በውኃ የሚሟሟና መጠኑ ትንሽ የሆነ ነገር ሁሉ ያልፈዋል። በአንድ የ4 ሰዓት እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም የሚደርስ አሚኖ አሲድም በዚያው ይሄዳል። በመጨረሻም ኩላሊቱ ራሱ ይሠራው የነበረ ሥራ አለ። ቫይታሚን ዲን ሥራ ወደሚሠራበት መልኩ የሚቀይረው እሱ ነው፤ መቅኔው ቀይ የደም ሴል እንዲያመርት የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲንም የሚያመነጨው እሱ ነው።

ከቢ ቫይታሚኖች ቶሎ የሚጎድሉት ቢ1፣ ቢ6 እና ፎሊክ አሲድ ናቸው። የፎሊክ አሲድ እጥረት የደም ማነስን ያባብሳል፤ የኤሪትሮፖይቲን መርፌ እየተሰጠ ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) አልነሳ ካለ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቢ6 ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ የአፍ ጥግ ይሰነጠቃል። ቢ1 ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለሳምንታት ሲያስመልሰው የቆየ፣ ምግብ ያልበላ ታማሚ ድንገት ንግግሩ ከተምታታ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከተንሸዋረረ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ቤተሰብ «ቆሻሻው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ነው» ብሎ ተጨማሪ እጥበት ይጠይቃል። ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን የቢ1 እጥረትም ልክ ይህንኑ ያደርጋል፤ በመርፌ ቶሎ ከተሰጠ ይመለሳል፣ ከዘገየ ጉዳቱ ይቀራል። ለሐኪሙ «ይህን ያህል ጊዜ አልበላም፣ ያስመልሰዋል» ብሎ መንገር ምርመራውን ወዲያው ወደዚያ ያዞረዋል።

ቢ12 በማጣሪያው ብዙ አይወጣም፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ ነው፣ ከፕሮቲን ጋርም ይጣበቃል። የሚጎድለው በሌላ ምክንያት ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሳያቋርጥ የሚውጥ፣ በረጅም ጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚርቅ ሰው ቢ12ቱ መታየት አለበት።

ለእጥበት ታማሚ ተብሎ የሚዘጋጀው ቫይታሚን የቢ ቤተሰቦችን፣ 1 ሚሊ ግራም ያህል ፎሊክ አሲድ፣ 10 ሚሊ ግራም ያህል ቢ6 እና ከ60 እስከ 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይይዛል። ቫይታሚን ኤ የለበትም፤ ዋናው ልዩነቱም ይኸው ነው። እሱ ካልተገኘ ሐኪሙ ቢ ኮምፕሌክስና ፎሊክ አሲድን ለየብቻ ሊያዝ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለነርቭ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክኒኖች ውስጥ ቢ6 በ100 ወይም በ200 ሚሊ ግራም ነው ያለው። ይህ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር አይወሰድም፤ ለወራት ሲወሰድ ቢ6 ራሱ ነርቭን ይጎዳል። እግሩ ስለደነዘዘ ክኒኑን የጀመረ ሰው፣ በክኒኑ ምክንያት እግሩ የባሰ ይደነዝዝበታል።

የሚወሰድበት ሰዓትም ቁም ነገር ነው። ጠዋት ውጦት ወደ ማሽን የሄደ ሰው የዋጠውን ማሽኑ ያጥበዋል። ስለዚህ በእጥበት ቀን ከማሽን ከወረዱ በኋላ፣ በሌላው ቀን ማታ ይወሰድ። ሁልጊዜ ማታ ማድረግ ደግሞ ለማስታወስ ይቀላል።

ብልቃጡን አዙሮ ማንበብ

ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ብልቃጡን አዙረው ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ፤ ማንበብ ካስቸገረ ባለሙያውን «ቫይታሚን ኤ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሬቲኖል፣ ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሴቴት የሚል ካለበት ይመልሱት። ቫይታሚን ኤን ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ኩላሊት ሲደክም ከደም አይወገድም፤ ማሽኑም አያወጣውም። ሲከማች ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ጸጉር ይረግፋል፣ ራስ ያማል፣ አጥንት ይቆረጥማል፣ ካልሲየም ይጨምራል። ማሳከኩም የአጥንቱ ቁርጥማትም በኩላሊት ታማሚ ላይ የተለመደ ስለሆነ ማንም ብልቃጡን አይጠረጥርም። የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይትም ከዚሁ ይመደባል።

ጉበትም እንዲሁ። «ጉበት ብላ፣ ደም ይሆንሃል» የሚለውን ያልሰማ ደም ያነሰው ሰው የለም። 100 ግራም የበሬ ጉበት ግን አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ከ5 እጥፍ በላይ ይይዛል፤ ፎስፈረሱም ብዙ ነው። አንድ ቀን ቀምሶ የተጎዳ የለም፣ በየሳምንቱ እንደ መድኃኒት መብላት ግን ይቅር። በጥሬው ሲበላ ደግሞ የተሕዋሲያን ጉዳይ ይጨመራል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቫይታሚን ሲ ሌላው ወጥመድ ነው። ውኃ ውስጥ ተጥሎ የሚፈላው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ 1000 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእጥበት ታማሚ በቀን ከሚመከረው 10 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ትርፉ ወደ ኦክሳሌት ይቀየራል፣ ኦክሳሌቱም መውጫ ስለሌለው በአጥንት፣ በደም ሥርና በልብ ውስጥ ይቀመጣል። እንዲፈላ የሚያደርገው ሶዲየም ደግሞ ጥማትን ይጨምራል። ጉንፋን በያዘ ቁጥር በቀን ሁለቴ የሚጠጣ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያቁም። እጥረቱም ቢሆን እውነት ነው፤ ድድ መድማት፣ በትንሹ መበለዝ፣ ቁስል አልድን ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ለዚህ ግን ያ ትንሹ መጠን ይበቃል።

ቫይታሚን ኢ ያለ ትእዛዝ አያስፈልግም። ቫይታሚን ኬ አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ በወሰደና አትክልት ጨርሶ በተወ ሰው ላይ ሊያንስ ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳይነካው።

ቫይታሚን ዲ ሁለት ነው ብሎ ማሰብ ይረዳል። ከፀሐይና ከምግብ የሚገኘው ጥሬው ነው፤ በላብራቶሪ «25 ሃይድሮክሲ» ተብሎ የሚለካው እሱ ነው፣ ከ20 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እጥረት ይባላል። ሁለተኛው ኩላሊት ለውጦ ወደ ሥራ የሚያሰማራው ካልሲትሪዮል ነው። ኩላሊት ሲደክም ይሄኛው ስለሚያንስ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይገባም፤ አንገት ላይ ያለው የፓራታይሮይድ እጢ ይቆጣና ካልሲየሙን ከአጥንት ይነቅላል። ስለዚህ ነው የእጥበት ታማሚ ፀሐይ እየሞቀም አጥንቱ የሚሳሳው። አልፋካልሲዶል እና ካልሲትሪዮል የሚባሉት እንክብሎች ያንን የኩላሊት እርምጃ ዘለው የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.25 ማይክሮ ግራም ይጀመራሉ። ያለ ካልሲየም፣ ፎስፌት (በደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ) እና ፓራታይሮይድ ሆርሞን ክትትል መውሰድ አደጋ አለው፤ ካልሲየሙና ፎስፌቱ አብረው ከፍ ካሉ የሚጠነክረው አጥንቱ ሳይሆን የደም ሥሩ ነው።

ጥሬው ቫይታሚን ዲም ግን አይናቅ። የቲቢን ተሕዋሲ የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ራሳቸው ጥሬውን ለውጠው ተሕዋሲ የሚገድል ንጥረ ነገር ለመሥራት ይጠቀሙበታል። እንክብሉ ብቻውን ኢንፌክሽን ያስቀራል ማለት አይደለም፤ እጥረት እንዳይኖር ማድረግ ግን ተገቢ ነው። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ታማሚም ብርድ ፈርቶ ከቤት አይወጣም። ፀሐይ በወጣበት ቀን እጅና እግርን ገልጦ ጥቂት መቀመጥ ጥሩ ነው።

ምግቡ

ከሁሉም ቫይታሚን በፊት ፕሮቲን ይመጣል። በሽታ የሚከላከሉት አንቲቦዲዎች የሚሠሩት ከፕሮቲን ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረግ ስሕተት አለ፤ እጥበት ከመጀመሩ በፊት «ሥጋና እንቁላል ቀንስ» የተባለ ሰው፣ እጥበት ከጀመረም በኋላ ያንኑ ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። ትእዛዙ ግን ተገልብጧል። እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። 60 ኪሎ ከሆነ ከ60 እስከ 72 ግራም ነው። 1 ሙሉ እንቁላል ከ2 ነጭ ጋር 13 ግራም ያህል፣ 100 ግራም የበሰለ አጥንት የሌለው ዶሮ 27 ግራም ያህል፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል፤ የቀረውን እንጀራው፣ ሩዙና ዳቦው ይሞላል። የእንቁላል ነጭ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ፎስፌቱ ከፍ ላለበት ሰው ከማንኛውም የፕሮቲን ምንጭ ይመረጣል። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በአይብ ወይም በሥጋ ካልታገዘ ብቻውን ምሳ አይሆንም።

ድንችና ጎደሬ እንዲህ ይሠሩ። ልጣጩ ይነሣ፣ በትንንሹ ይከተፍ፣ በብዙ ውኃ ይቀቀል፤ ፈልቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይጨረስ። እንዲህ ሲደረግ ፖታሺየሙ በግማሽ ያህል፣ በጣም ከደቀቀም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሳይቀቀል በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ምስሩና አተሩም እንዲሁ፤ ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ የመጀመሪያው ውኃ ይደፋ። ቫይታሚኑ እንደሚሄድ አስቀድሜ ብያለሁ፤ የቢ ክኒኑ የሚታዘዘውም በከፊል ለዚህ ነው። አቮካዶና ሙዝ ግን በመቀቀል አይፈቱም። ግማሽ አቮካዶ ወደ 500፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 400 ሚሊ ግራም ፖታሺየም አለው። ጅማ ላይ አቮካዶ በየጓሮው ስለሆነ ቁራሽ ቁራሽ እየተባለ ሳይታወቅ ይበዛል። ለጠያቂው ዘመድ የምመክረው ከሙዙ ይልቅ ፖም፣ ከብልቃጡ ይልቅ እንቁላል ነው።

ቡና ለማይተው ሰው ሁለት ነገር ልበል። ከምግብ ጋር ሳይሆን ከ1 ሰዓት በላይ ቆይቶ ይጠጣ፤ በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የጤፉንና የምስሩን ብረት ይዞ ያስቀራል። ሁለተኛው መጠኑ ነው። ስኒው 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተደምሮ 210 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ሽንቱ ጨርሶ ለቆመ ሰው የቀን ፈሳሹ ከ500 ሚሊ ሊትር ብዙ ስለማያልፍ ይህ ከሲሶው በላይ ነው። ጫት ላይ ደግሞ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ምርቃናው የምሳንና የእራትን ፍላጎት ይወስዳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከጎኑ ውኃና ለስላሳ ይጠጣበታል፣ ቅጠሉም ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይታጠብ ይበላል። በየቀኑ እየቃመ አልቡሚኑ (የደሙ ፕሮቲን) የሚወርድበት ታማሚ ምንም ዓይነት ቫይታሚን ቢሰጠው አይነሳም።

ጾም የሚጾም የኦርቶዶክስ አማኝ ከንስሐ አባቱ ጋር፣ ረመዳን የሚይዝም ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ሁለቱም እምነቶች ለታማሚ በር ይከፍታሉ። ማፍጠሪያ ላይ ተምርና ሾርባ አብረው ሲመጡ ፖታሺየም፣ ጨውና ፈሳሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ፤ አደጋው ከጾሙ ይልቅ እዚያ ላይ ነው።

ብረትን በተመለከተ ባጭሩ፤ በእጥበት ታማሚ የሚዋጠው ብረት በደንብ አይገባም፣ በደም ሥር የሚሰጠው ይመረጣል። የሚዋጥ ከሆነም ለፎስፌት ከሚወሰደው ካልሲየም ካርቦኔት ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቅ፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከምግቡ ጋር ካልተዋጠ ፎስፌትን አይዝም። ሰውነት ውስጥ ንቁ ኢንፌክሽን እያለ በደም ሥር ብረት አይሰጥም፣ ተሕዋሲያኑም ብረት ይፈልጋሉና። የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሲመጣ በበረዶ ሣጥን ይምጣ፣ ግን ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅለል፤ የቀዘቀዘ ሳይሆን በረዶ የሠራ መድኃኒት ይጣላል። አይወዝወዝም።

መከላከያው የሚሰበርበት ቦታ

ከእጥበት ታማሚዎች ሞት ምክንያቶች ከልብ ሕመም ቀጥሎ ኢንፌክሽን ነው። ያልታጠበው የደም ቆሻሻ ነጭ የደም ሴሎችን ያደክማል፤ ተሕዋሲውን ያገኙታል፣ መዋጥና መግደል ግን ያቅታቸዋል። በመሆኑም ከሁሉ ቀድሞ መከላከያን የሚያጠነክረው በቂ እጥበት ነው። መደበኛው በሳምንት 3 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 4 ሰዓት ነው። አገራችን ውስጥ በወጪ ምክንያት ብዙ ሰው በሳምንት 2 ጊዜ ይታጠባል፤ ይህ ሆኖ ሳለ የ4 ሰዓቱን እጥበት «ደከመኝ» ብሎ በ3 ሰዓት ማቋረጥ ለቫይታሚን ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ያስከፍላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ አንገት ላይ የሚገባው ካቴተር ነው። ጫፉ ልብ አጠገብ ያለ፣ ሌላው ጫፉ ውጭ የሆነ ቱቦ ነው፤ በቆዳችን ላይ የሚኖር ተሕዋሲ በእርሱ በኩል ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። መሸፈኛው ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ገላ ሲታጠቡ ከወገብ በታች በውኃ፣ ከላይ በእርጥብ ፎጣ። በዝናብ ከተነካ ወይም ጠርዙ ከተነሣ እስከሚቀጥለው እጥበት አይጠበቅ፣ ሄደው ያስቀይሩ። ሲከፈትና ሲዘጋ ነርሷም ታማሚውም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ ነርሷ ረስታ ከሆነ ማስታወስ ነውር አይደለም። በዚያ ቱቦ ግሉኮስ ወይም ሌላ መርፌ አይሰጥበት፣ ከእጥበት ክፍል ውጭ ማንም አይክፈተው። ማታ ማታ በመስታወት ይዩት፤ መቅላት፣ መግል፣ ሲነኩት ማመም ካለ ነገ አይባልም።

ካቴተሩ ጊዜያዊ ነው፤ ዘላቂው ክንድ ላይ ሁለት የደም ሥሮችን በማገናኘት የሚሠራው ፊስቱላ ነው፣ ኢንፌክሽኑም በብዙ ይቀንሳል። ተሠርቶ ለመርፌ እስኪደርስ ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ እጥበት ሳይጀመር በፊት መታሰብ አለበት። ጠዋት ሲነሱ በሌላው እጅ ጣት ዳስሰው ንዝረቱን ያረጋግጡ፤ ከጠፋ በዚያው ቀን ይሂዱ። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ዘንቢልም አይንጠለጠልበትም።

ትኩሳት ላይ የጅማ ነገር የተለየ ነው። በጊቤ ወንዝና በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ወባ ስላለ፣ ብርድ ብርድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ከፋርማሲ ኮአርተም ገዝቶ ይውጣል። ካቴተር ላለው ሰው ይህ የሚያጠፋው ጊዜ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የወባ ምርመራ ይደረግ፣ ግን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ተሕዋሲ ለሚያሳየው ምርመራ) ደም ይቀዳ። እጥበት ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ የሚመጣ ማንቀጥቀጥ ካቴተሩን አጥብቆ ያስጠረጥራል። የኩላሊት ታማሚ የሰውነት ሙቀት በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ስለሆነ 37.5 ዲግሪ እንኳን ለእርሱ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳያተኩሰው ይደክማል፣ ይቃዣል፣ ግፊቱ ይወርዳል።

ቲቢም እንደዚሁ ተሸፍኖ ይመጣል። ሳል ላይኖር ይችላል፤ የአንገት ንፍፊት፣ በሌሊት ማላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ሆድ ወይም ሳንባ ዙሪያ የሚቋጠር ውኃ ሊሆን ይችላል ምልክቱ። ክብደቱ ሲቀንስ ውኃው አብጦ ስለሚሞላበት ሚዛኑ ላይ አይታይም፤ ጉንጩና ክንዱ መክሳቱን የሚያየው ቤተሰብ ነው። ሕክምናው ሲጀመር ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ አይሶኒያዚድ ቢ6ን ስለሚያጠፋ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢ6 በየቀኑ አብሮ መሰጠት አለበት፤ ቀድሞውንም ቢ6 ባጠረው ሰው ላይ ይህ ከተረሳ እግሩ በሳምንታት ውስጥ መቃጠል ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በሳምንት 3 ጊዜ ከእጥበት በኋላ የሚሰጡ ናቸው፤ አራቱን መድኃኒት በአንድ የያዘው ክኒን ይህን መለየት ስለማያስችል ለየብቻ እንዲታዘዝ ይነጋገሩ። ኢታምቡቶል ላይ እያሉ ቀይና አረንጓዴ መለየት ካስቸገረ ወዲያው ይናገሩ።

ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ጉበትና ዱለት፣ ያልፈላ ወተት ይቅር። ክትፎው ይብሰል። ጤነኛ ሰው በተቅማጥ የሚያልፈው ነገር እዚህ ደም ውስጥ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በምግብ ውስጥ እንደ ቅመም ችግር የላቸውም፤ ተጨምቀው ተቀቅለው በብርጭቆ የሚጠጡ ሥራ ሥሮች ግን የቀረችውን ትንሽ የኩላሊት አቅም ሊያጠፉ ይችላሉ። ለትኩሳትና ለቁርጥማት የሚወጋው ዲክሎፌናክም እንደዚያው ነው።

ክትባቶቹ

ሄፓታይተስ ቢ በእጥበት ክፍል ውስጥ ልዩ አደጋ አለው፤ ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በአገራችን ክትባቱ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው አዋቂ አልተከተበም። መጀመሪያ ቫይረሱ እንደሌለ ይመረመራል። ከዚያ እጥበት ላይ ላለ ሰው የተለመደው 20 ማይክሮ ግራም አይበቃም፤ እጥፉ፣ 40 ማይክሮ ግራም፣ በ0፣ በ1፣ በ2 እና በ6ኛው ወር በክንድ ጡንቻ ይሰጣል፤ በቂጥ አይሰጥም። የመጨረሻው ከተሰጠ ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ አንቲቦዲው ይለካል፤ ከ10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እንደገና ይከተባል፣ ከ10 በላይ ቢሆንም በየዓመቱ ይለካል፣ የደከመ መከላከያ ቶሎ ይረሳልና። ኩላሊቱ ገና ጨርሶ ሳይደክም የተከተበ ሰው የተሻለ አንቲቦዲ ያወጣል፤ ስለዚህ ክሪያቲኒኑ (የኩላሊት አቅም የሚለካበት የደም ምርመራ) ከፍ ማለት የጀመረ ማንኛውም የስኳር ወይም የግፊት ታማሚ እጥበት እስኪጀምር አይጠብቅ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ፣ የሳንባ ምች ክትባትም በተገኘ ጊዜ ይወሰድ። አብሮ የሚኖር ቤተሰብም ቢከተብ ታማሚውን ይጋርደዋል።

አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ከዘመድ ኩላሊት ለመቀበል የሚዘጋጁ ሰዎች ጅማም አሉ። ለእነሱ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ደም በተሰጠ ቁጥር ሰውነት ለባዕድ አካል አንቲቦዲ ሊያወጣ ስለሚችል፣ በአስቸኳይ ካልሆነ በቀር የደም ማነሱ በመርፌውና በብረት ይስተካከል። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ደግሞ ከንቅለ ተከላው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው ማለቅ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚወሰዱት መድኃኒቶች መከላከያውን ሆን ብለው የሚያደክሙ ስለሆኑ ሕያው ክትባት አይሰጥም። ሄፓታይተስ ቢውም ያኔ ስለሚከብድ፣ አራቱ ዙር የሚፈጀውን 6 ወር ከሐኪሙ ጋር አሁኑኑ ቆጥረው ይጀምሩ።